የማያልቀው አቅማዳ

ቤዛ አፏን ዘጋች። አዲስ ጎተራ ሲመረግ ያየ ሰው አዘጋጓን ያውቀዋል፤ መርፌ አያስገባም። ጉርሻውን በቀኝ ሳመጣ ፊቷን ወደ ግራ፣ በግራ ሳመጣ ወደ ቀኝ።

«አልበላም አልኩ እኮ አያቴ!»

«ተዪዋ። ወጡም አይጣፍጥም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ይህን ስላት ትንሽ ቅር አላት። እንድለምናት ፈልጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ ሙያ ከእሷ በፊት ተቀምጬበታለሁ። አልጋዋ ላይ አወጣኋት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳብሁላት፣ መብራቱ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ጠፋ። ጨለማው ገና ሳይደላደል፣

«አያቴ?»

«አቤት።»

«ራበኝ።»

ቤዛ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ከሚጠርቡት ጋር ተደራጅታ ገብታለች፤ ክረምቱን ልጇን እዚህ መሐል ሜዳ እኔ ዘንድ ትታታለች። ከሚኒባሱ ስታወርዳት አንድ ካርቶን ብስኩት አብራ አወረደችና፣ «ማታ ማታ አንዳንድ ብዪ፤ ይህ ሲያልቅ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት። ልጄ ይህን ስትል እኔን ሳል ያዘኝ። ጉንፋን መስሏት ፎጣዬን አስተካከለችልኝ። ጉንፋን አልነበረም።

ጎረቤቶቼ የቤዛን እምቢታ ሲሰሙ «ይህች ልጅ ማንን መስላ ነው?» ይላሉ። እኔም ራሴን ነቅንቄ «እንጃ፣ በአባቷ በኩል ይሆናል» እላለሁ። የአባቷ ዘመዶች ምስኪን ሰዎች ናቸው፤ ያቀረቡላቸውን ሁሉ ይበላሉ።

ያን ማታ ቆሎ ልፈልግላት ተነሥቼ ግድግዳ ግድግዳውን ስዳብስ፣ እጄ የገብስ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኔ ገባ። የክረምት ገብስ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ወንዝ ጠጠር በጣት መሃል ይፈስሳል። ሽታው ግን ሞቃት ነው፤ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ገለባ፣ ትንሽም በግ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቤዛ «አያቴ ጠፋህ እንዴ?» አለች። አዎ፣ ጠፍቼ ነበር። እቴቴ አስካለ ቤት ሄጄ ነበር።

ያን ዓመት ስንት ዓመቴ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ የበጓን መንታ መውለድ፣ አባቴ አንድ ትልቅ በረዶ ይዘው ይቆጥሩ ነበርና ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም። የወተት ጥርሴ ግን አልወለቀም ነበር። ይህን በእርግጥ የማውቀው አባቴን በእሱ ስለነከስሁት ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

ሐምሌ ላይ እናቴ ሆዷ አብጦ መደብ ላይ ዋለች። ብዙ በልታ ነው ብዬ ደመደምሁ። ማንም እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ እነግራቸው ነበር። አባቴ አህያዋን አወጣና በአንድ ጎኗ ገብስ የሞላ የበግ ቆዳ አቅማዳ፣ በሌላው ጎኗ ባዶ ስልቻ ውስጥ እስከ ብብቴ የተከተትሁ እኔን ጫነ። ገብሱ ከበደኝ፤ አህያዋ ወደዚያ አዘነበለች። አባቴ ቆም ብሎ አሰበና በእኔ በኩል ድንጋይ ጨመረ። ከሞላሌ በታች ካለው ቤታችን እስከ ጓሳ ዳርቻ ድረስ ያን ድንጋይ አቅፌ በጉም ውስጥ ተጓዝሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አቃልሎኛል፤ በድንጋይ የተሟላሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እቴቴ አስካለ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ ጓሳ አፋፍ ላይ በጓሳ ሣር በተከደነች የድንጋይ ቤት ከጥቂት በጎች ጋር ይኖሩ ነበር። አባቴን «አንተ» የምለው እኔ እሳቸውን «እርስዎ» እንድል ተነግሮኝ ነበር፤ አባቴ ራሱ እንዲያ ይላቸዋልና። ረጅም ናቸው። ተረከዛቸው በብርድ ተሰነጣጥቆ ዝናብ እንደራቀው መሬት ሆኗል። ሲስቁ ያየ ሰው አለ ይባል ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

አባቴ አቅማዳውን ከእንቅልፍ መደቤ ራስጌ አቁሞ፣ «እትዬ፣ ስንቁ ይኸው። ይህ ሲያልቅ፣ ወንዙም ሲጎድል መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። የወንዙን ነገር እኔ አልያዝሁትም። ልጅ ከንግግር ውስጥ የሚበጀውን ይቆርጣል፤ ሽማግሌም እንደዚያው ነው፤ መካከል ላይ ያሉት ናቸው ሁሉን ሰምተው የሚጨነቁ። እኔ የያዝሁት፣ አቅማዳው ሲያልቅ ወደ እናቴ እሄዳለሁ የሚለውን ብቻ ነው።

ግን እርሱን እንኳ ለማሰላሰል ጊዜ ወሰደብኝ። በመጀመሪያው ማታ የተናደድሁት በሁሉም ላይ ነበር፤ ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። እቴቴ ትኩስ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረቡ። የተልባው ሽታ አፍንጫዬን እየጎተተው፣ «አልበላም» አልሁ። በእኛ ቤት ደንብ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል፤ እናቴ «ለእናትህ አንድ፣ ለአባትህ አንድ፣ ለዚያች ለዓይናማዋ በግ አንድ» እያለች ትለምናለች፣ እኔ ተለምኜ ተለምኜ እሸነፋለሁ።

እቴቴ ቂጣውን መልሰው መሶቡ ውስጥ ከደኑት። «የጠገበ ልጅ ደስ ይላል» አሉ።

ደነገጥሁ። ይህን ጨዋታ እንዲህ አይጫወቱትም።

ከዚያ ሱፋቸውን ሲፈትሉ ቆዩና፣ እንዝርቱን ሰቅለው እሳቱን በአመድ ዳፈኑት። በዚያ አገር ክብሪት ብርቅ ነው፣ እንጨትም የለም፤ ኩበት ነው። ማታ የተዳፈነው ፍም እስከ ንጋት ካልቆየ ጎረቤት ሄዶ እሳት መለመን ነው፤ እቴቴ ደግሞ ከሚለምኑ ቢሞቱ ይመርጣሉ። በአመዱ ላይ በጣታቸው መስቀል አማተቡበት። «እሳት ከተዳፈነ በኋላ በዚህ ቤት መሶብ አይከፈትም» አሉ። «ያን ሰዓት የሚበላ ከሰይጣን ጋር ነው የሚሻማው። ተኛ።»

ተኛሁ። በጎቹ ከአጥሩ ወዲያ ያመነዥካሉ። ሁሉም ፍጡር እያኘከ እኔ ብቻ አላኝክም።

«እቴቴ?»

«ምን ሆንህ?»

«ራበኝ።»

«እሳቱ ተዳፍኗል።»

«እሳቱን ማን እበላለሁ አለ? ቆሎ ነው።»

በጨለማው ውስጥ አንድ ሻካራ እጅ መጥቶ መዳፌን ፈልጎ አገኘና ቆሎ ሞላበት። ቆሎው ሙቅ ነበር።

«መሶቡን ከፈቱት!» አልሁ፣ በደስታ።

«አልከፈትሁም። ከጉያዬ ነው። በልና አፍህን ያዝ።»

ቆሎው ጭስ ጭስና ሱፍ ሱፍ ይል ነበር። ከራት በፊት ቆልተው ጉያቸው ውስጥ እንደከተቱት፣ ማለትም ገና አፌን ሳልዘጋ እንደምዘጋ ያውቁ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ራት ሲቀርብ እምቢ፣ እሳት ሲዳፈን ራበኝ። እቴቴ ይሰድቡኛል፣ እጃቸው ግን ይመጣል። «አንተ በቅሎ!» ይላሉ ቆሎውን እየሰጡኝ። «አንተ እምቢተኛ! አባትህም ልጅ ሆኖ እንዲህ ነበር፤ እርሱ እንኳ አንዳንዴ ይተኛል።»

አንድ ማታ ግን ቆሎዬን ስቆረጥም አቅማዳው ትዝ አለኝ። እጆቼን ዘርግቼ አቀፍሁት፤ ከወዲያ በኩል ጣቶቼ አልተገናኙም። አባቴ እንዳመጣው ነው። ምን ማድረጌ ነው? አልበላም ባልሁ ቁጥር ስንቁ አያልቅም። ስንቁ ካላለቀ አባቴ አይመጣም። ራሴን በራሴ አስሬ ቁልፉን ጉያዬ ከትቻለሁ! በሕይወቴ ስለ ራሴ ሞኝነት መጀመሪያ ያወቅሁት ያን ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ተቋርጦ አያውቅም።

በማግሥቱ ቂጣው ገና መሶቡ ላይ ሳያርፍ ያዝሁት። እቴቴ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ከየትኛው ገብስ ነው?» አልሁ እያላመጥሁ።

«ምኑ?»

«ቂጣው። ከእኔ አቅማዳ ነው ከእርስዎ ጎተራ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ከእኔ ካልሆነ አልበላም!»

እየሳቁ ነበር መሰለኝ፤ ፊታቸው ስለማያውቅበት መለየት አልቻልሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአቅማዳው እየሰፈሩ በዓይኔ እያሳዩኝ ነበር የሚፈጩት። እኔም በላሁ። ቂጣ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ጭብጦ፤ አፌ የማይዘጋ በር ሆነ። እሳት ሲዳፈንም «ራበኝ» ማለቴን አልተውሁም፤ ሥራ ሥራ ነው። እቴቴ ዘወር ሲሉ ደግሞ በአቅማዳው አፍ እጄን ከትቼ ለዶሮዎቹ እበትን ነበር። አንድ ቀን ደረሱብኝና ቅጠሉን በጨርቅ ይዘው በሳማ ባቴን ገረፉኝ። እየዘለልሁ፣ «የራሴ ገብስ ነው! የአባቴ ነው! አንቺ ምን አገባሽ!» አልኋቸው።

«ማንን ነው አንቺ?» አሉ።

«አንቺን!»

አንድ ሳማ ተጨመረልኝ። ቢሆንም ዶሮዎቹ ጠግበዋል፤ አልቆጨኝም። ዛሬም አይቆጨኝም።

ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት አቅማዳውን አቅፋለሁ። አንዳንድ ማታ ጣቶቼ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ልቤ በደስታ ይደልቃል። ጠዋት ተነሥቼ ሳቅፈው ጣቶቼ ተራርቀዋል። እጄ ያጠረ መሰለኝ። ጣቶቼን በጥርሴ እየያዝሁ እጎትት ነበር፣ እንዲረዝሙ። የበለጠ በላሁ። ያበጠው ግን አቅማዳው ብቻ አልነበረም፤ ሆዴም ነበር። ሆዴን አየሁና እናቴ ትዝ አለችኝ። ወይኔ! እንደ እርሷ መደብ ላይ ልውል ነው ብዬ አለቀስሁ።

እቴቴ የተረዱት በሌላ መንገድ ነው። ማታ በልቶ «ራበኝ» የሚል፣ ሆዱ የተነፋ ልጅ፤ በማንኛውም ባልቴት ዓይን ይህ የሆድ ትል ነው። ንጋት ላይ እንቆቆ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አፍንጫዬን ይዘው አጠጡኝ። የእንቆቆን ጣዕም ለማያውቅ ሰው መግለጽ አልችልም፤ ለሚያውቅም ማስታወስ ነውር ነው። ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አልተመለስሁም። እቴቴ በር ላይ ቆመው «ወጣ?» ይሉኛል፤ እኔም «አልወጣም!» እላለሁ፣ ምን እንደሚጠብቁ እንኳ ሳላውቅ፣ እምቢ ለማለት ብቻ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የእቴቴ ንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ጠበል ሊረጩ መጡ። አጭርና ክብ ካህን ነበሩ፤ ሲቀመጡና ሲቆሙ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ቂጣና ወተት ቀረበላቸው። እቴቴ ግን አልተቀመጡም።

«ምነው አስካለ፣ አትቀምሺም?»

«ጾመኛ ነኝ አባ።»

«ጾሙ ተፈታ እኮ ልጄ! ዛሬ ደግሞ ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል።»

«የግሌ ነው።»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ሆዴን አይተው፣ «ይህ ልጅ ግን ጾም የሚባል ያወቀ አይመስልም» አሉ። እቴቴ የእኔን አበላል በእሮሮ አወሩላቸው። አባም ቂጣቸውን እየቆረሱ የነቢዩ ኤልያስን ነገር ጀመሩ። በረሃብ ዘመን ወደ አንዲት መበለት ቤት ገባ፤ ማድጋዋ ውስጥ የነበረው ጭብጥ ዱቄት ነው፤ እርሱ ከገባ በኋላ ግን ቢበሉ፣ ቢበሉ ዱቄቱ እምቢ አለ፣ አላልቅ አለ።

ያላመጥሁት አፌ ውስጥ ቆመ።

«አባ፣ መበለት ምንድን ናት?»

«ባሏ የሞተባት ሴት ናት ልጄ።»

«እንደ እቴቴ?»

«እንደ እቴቴህ።»

«ኤልያስ አሁን ሞቷል?»

«እርሱማ አልሞተም! በእሳት ሠረገላ ዐረገ። በሕይወት አለ፤ ይመጣልም።»

«ይመጣል!» ብዬ ጮህሁ። «ምን ላድርግ ብሎ? ማን ጠራው? የሰው ገብስ ምን ያደርግለታል? አባ፣ በጠበል ያባርሩልኝ!»

አባ ወልደ ሰንበት ወተቱ ትን አላቸው። እቴቴ ጀርባቸውን ሲመቱላቸው፣ «አስካለ፣ ይህን ልጅ እንቆቆ አይበቃውም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጠላቴን አውቄዋለሁ። እናቴና እኔ መካከል የቆመው ወንዝ አልነበረም፣ ነቢይ ነበር።

ያን ማታ እቴቴ እሳቱን ዳፍነው ሲያበቁ ከምድጃው ዳር በእፍኜ አመድ ዘገንሁ። በአቅማዳው ዙሪያ በተንሁት። ጠዋት ተነሥቼ ሳይ፣ ቀጥ ብሎ የመጣ፣ ቆሞ የተመለሰ የእግር ዱካ አመዱ ላይ ታትሟል። ሰፊ ነው። ተረከዙ ላይ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። አየሁና አዘንሁለት፤ ነቢዩም እግሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሰማይ ቤትም እንደ ጓሳ ብርድ ነው ማለት ነው።

«እቴቴ፣ ኤልያስ ሌሊት መጥቶ ነበር።»

እቴቴ ዱካውን አዩ። ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው እግራቸውን ሸፈኑ።

«እንዴት ያለ ሰው ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እግሩ ያስጠላል።»

«እንግዲህ» አሉ መጥረጊያውን እያነሡ፣ «ብዙ መንገድ የሄደ እግር ነው።»

በሚቀጥለው ማታ የጉያ ቆሎዬን አንድ አንድ እያልሁ፣ እያንዳንዷን ፍሬ በምላሴ ላይ እያሟሟሁ ነቅቼ ጠበቅሁት። ስድቤን አዘጋጅቻለሁ። ዶሮ ሲጮህ ከጎተራው በኩል «ጭር... ጭር...» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቅል የጎተራን ወለል ሲፍቅ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ጎተራ ሙሉ ሲሆን እንዲህ አይልም። ከዚያ የተሰነጠቀው እግር መጣ። ኤልያስ ቀሚስ ለብሷል። ኤልያስ ረጅም ነው። የአቅማዳዬን አፍ ፈትቶ ገብሱን ቀስ አድርጎ፣ እንዳይንኳኳ በእጁ እየተቀበለ ይጨምራል። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ የምለብሰውን የሱፍ ባና ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ። ጭስና ሱፍ ሸተተኝ።

«አንቺ ሌባ!» ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ሌባ የሚወስድ ነው። አምጥቶ ለሚጨምር ሰው ስድብ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላገኘሁለትም።

ሲነጋ እቴቴ በጎቹን ሊያወጡ ሲወጡ ጎተራው ላይ ተንጠላጥዬ ወደ ውስጥ አየሁ። የወለሉ ጭቃ ታየኝ። ጥግ ላይ ጥቂት ገብስ ተጠርጎ ተከምሯል። ከዚያ ብዙ ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ ራት ሲቀርብ «እኔ ቀምሻለሁ» የሚሉት፣ የተቀቀለ ጎመን ውሃ ሲጠጡ ያየሁት፣ አባ ያላወቁት ጾም። በዚያ ቤት ማታ ማታ አልበላም የሚል ሌላ እምቢተኛ ነበር፣ እኔ የራሴን እምቢታ ስሰማ የእሳቸውን አልሰማሁትም።

አዘንሁ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የለም፣ ተናደድሁ። መጀመሪያ የተናደድሁት ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ ነው። ሁለተኛ የተናደድሁት፣ በእምቢታ በለጡኝ ብዬ ነው። እኔ እምቢ ብዬ ማታውን ቆሎ እበላለሁ፤ እሳቸው እምቢ ብለው እስኪነጋ ያድራሉ!

ማታ ቂጣው ቀረበ። አፌን ዘጋሁ።

«ደግሞ ጀመረህ?» አሉ።

«እርስዎ ካልበሉ አልበላም።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

«የምን ጾም?»

«የግሌ ነው።»

እቴቴ እንዝርቱን አቆሙ። ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን እሳቱ ማዶና ማዶ ተቀመጥን። ቂጣው ቀዘቀዘ። ተልባው ረጋ። የሆዴ ጩኸት ከበጎቹ ድምፅ በለጠ፤ የሳቸውም መለሰለት። እሳቱን ሊዳፍኑ ተነሡ፤ እኔም ተነሥቼ ምድጃውና እሳቸው መካከል ቆምሁ።

«ዘወር በል፣ ፍሙ ያልቃል!»

«ይለቅ! ነገ እሳት ልመና ይሄዳሉ! ጎረቤት ሁሉ ያያል!»

እጃቸው ለጥፊ ተነሣ። አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ያ ያልተለመደ ፊት እንደገና መጣ፤ ከዓይናቸው ጀምሮ ወረደና ድምፅ አወጣ። እቴቴ አስካለ ሲስቁ ያየው ሰው ማን እንደሆነ እነሆ ታወቀ። ቂጣውን ለሁለት ቆረሱ። «አንተ በቅሎ» አሉ እየበሉ፣ «አንተ የሰይጣን ቁራጭ። ብላ። እየበላሁ ነው፤ አታይም? ብላ!»

ስለ አቅማዳው አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለታችን ከአንድ ቂጣ እንበላ ነበር፣ እሳት ከተዳፈነም በኋላ «ራበኝ» አላልሁም። እቴቴ ከልማድ ቆሎ ይዘው ሲመጡ መዳፌን ጨብጬ «ጠግቤያለሁ» እላቸው ነበር። «አሁን ደግሞ ምን ፈለገ?» ይሉ ነበር ለራሳቸው። አቅማዳው እንዳያልቅ ነበር የምፈልገው። ይህን ለማን እነግራለሁ? ልጨርሰው ያን ያህል ስለ ዛትሁ አፍሬ ነበር፤ እምቢተኛ የሚያፍረው ሐሳቡን ሲለውጥ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ወንዙ ጎደለ፣ አባቴ ከአህያዋ ጋር መጣ። እናቴ በሰላም መገላገሏን፣ እኅት ማግኘቴን ነገረኝ። ከሆድ መውጣቷን አላመንሁም፤ ለጊዜው ተውሁት።

«በል ተነሥ፣ እንሂድ» አለ።

«አልሄድም።»

«ምን?»

«አላለቀማ! ሲያልቅ ነው ያልኸው። ና እይ!» አቅማዳውን አቀፍሁ፤ ጣቶቼ አልተገናኙም።

አባቴ ብድግ አድርጎ መዘነው። ካመጣው ብዙም አልቀለለም። ወደ እቴቴ አየ።

«ልጅህ አይበላም» አሉ እቴቴ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው። «ምን ላድርግ?»

«ውሸት ነው! እንደ ጅብ እበላለሁ!» ብዬ ጮህሁ። ሆዴንም ገልጬ አሳየሁት።

አባቴ ሆዴን አየ። የእቴቴን አንገት አየ፤ አጥንቱ ወጥቷል። ተነሥቶ ጎተራው ዘንድ ሄደና አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እዚያ ብዙ ቆየ። ተመልሶ አቅማዳውን ተሸከመ፣ አፉን ፈታ፣ ሙሉውን ጎተራው ውስጥ ዘረገፈው። ገብሱ ባዶው ወለል ላይ ሲወርድ እንደ በረዶ ጮኸ፤ እየቆየ ግን ድምፁ ለስልሶ ጠፋ። እቴቴ «ምን ማድረግህ ነው አንተ! የልጁ ስንቅ ነው እኮ!» ይላሉ፤ እርሱ አይሰማም። ቆዳውን ሁለት ጊዜ አራግፎ አጠፈው።

«ይኸው አለቀ» አለኝ። «ተነሥ።»

የነከስሁት ያኔ ነው። ክንዱን። ይህ ማታለል ነው፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ማለቅ ማለት ተበልቶ ማለቅ ነው። አባቴ ደግ ሥራ ሠራ፤ ደግ መሆኑ ግን ማታለል ከመሆን አያድነውም። እየተራገጥሁ ስልቻዬ ውስጥ ተከተትሁ። አሁን ድንጋዩ በወዲያኛው ጎን ተጫነ፤ ክረምቱን ምን ያህል እንደ ከበድሁ ያየሁት አባቴ የሚመዝነኝን ሲፈልግ ነው፣ ትልቅ ድንጋይ ነበር።

እቴቴ አላለቀሱም። መጥተው ሻካራ እጃቸውን ጉያዬ ከተቱና ሙቅ ነገር አስቀመጡ። «እሳት ሳይዳፈን ብላው» አሉ።

መንገዱን ሁሉ አልነካሁትም። ማታ ቤታችን እናቴ፣ «ለእናትህ አንድ፣ ለአዲሷ እኅትህ አንድ» እያለች ለመነችኝ፤ አፌን ዘጋሁ። ደክሟት እሳቱን ዳፈነች። ፍሙ በአመድ ሲሸፈን፣ ጨለማው ሲደላደል፣ ያኔ ቆሎዬን አውጥቼ በላሁ። ቀዝቅዟል። ግን ጭስ ጭስ፣ ሱፍ ሱፍ ይላል።

ቤዛ ቆሎዋን በልታ ተኛች። ብስኩቱ ከዚያ ወዲያ ብዙ ከረመ። ትናንት ልጄ ከደብረ ብርሃን ደወለች።

«አባዬ፣ ያ ብስኩት እስከ ዛሬ አላለቀም እንዴ? ልጅቷ ማታ ማታ እንበላለን ትለኛለች።»

«የኤልያስ ነገር ነው» አልኋት።

«የማን?»

«እግሩ የሚያስጠላ የአንድ ሰው።»

ልጄ ሞኝ አይደለችም፤ ብስኩት የሚሸጥበት ሱቅ ከቤቴ ፊት ለፊት መሆኑን ታውቃለች። «ለማንኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቢያልቅም ባያልቅም» አለች፣ ልክ እንደ አያቷ፣ እንደ አባቴ።

ትምጣ። የምትገለብጥበት ጎተራ እንኳ በዚህ ቤት የለም፤ ቢኖርም ካርቶኑን መጀመሪያ ማግኘት አለባት። እኔና ቤዛ ዛሬ ማታ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ደብቀነዋል።